ቆጠራው ሳይሞላ አይዘጋም

እኔ ዕቃ አልጥልም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ልመካበት ብዬ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ እንዳትስቁብኝ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ጠመኔ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም። በቤቴ ውስጥ መርፌ ቦታ አላት፤ ክሩም ከአጠገቧ አይርቅም። ይህን ጠባይ የወረስኩት ከአባቴ ይመስለኛል። ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ መብራት ቢጠፋ ስኳሩን ከጨው ሳይዳብስ ለይቶ ይሰጥ ነበር።

እግዚአብሔር ግን ቀልድ ያውቃል። ዕቃ የማትጥል ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ ከሚጥል ሰው ጋር እንድትኖር ፈረደባት። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባለቤቴ ጋር፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ከተከራዬ ከዶክተር በረከት ጋር።

ስለ ባለቤቴ ብዙ አልጽፍም። ነፍሱን ይማረውና ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ስለ እሱ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ላምባ እንዲገዛ ላክሁት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ፍየል እየጎተተ መጣ። «ላምባውስ?» አልኩት። ፍየሏን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «የምን ላምባ?» አለኝ። በጨለማ ተቀምጠን ፍየሏ ስትጮህ አመሸን። የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። ቤት ሲመጣ ሬዲዮ ይፈታል፤ ሬዲዮው ሳይገጠም የዶሮ ቤት ይጀምራል፤ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ሳይለብስ የጎረቤት የውሃ ቧንቧ ሊጠግን ይሄዳል። በጣም የሚያበሽቁኝ ግን ደብተሮቹ ነበሩ። ጥቁር ጠንካራ ሽፋንና ቀይ ጀርባ ያላቸው የመዝገብ ደብተሮች ይገዛል፤ ሁለት ሦስት ገጽ ይጽፍባቸዋል፤ ከዚያ ይተዋቸውና ሌላ ይገዛል። ምን እንደሚጽፍ ጠይቄው አላውቅም። እሱም እንደ ዶሮ ቤቱ ተጀምሮ የቀረ ነገር መስሎኝ ነበር።

«ልብህ የት ነው ያለው?» እለው ነበር። ጠዋት እለዋለሁ፤ ማታ እለዋለሁ። ታሞ ወደ ሆስፒታል ልንሄድ በር ላይ ስንደርስ እንኳ፣ «መነጽርህን ደግሞ የት ጣልከው?» ብዬ ጮኽኩበት። «እኔ እንጃ፤ ረሳሁት መሰለኝ» አለኝ፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሆስፒታሉ ኮቱንና ያሉትን ዕቃዎች በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ፌስታሉን ሳልፈታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከደብተሮቹ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ዶክተር በረከት ሰርቪስ ቤቴን የተከራየው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ሬዚደንት ይሉታል፤ ቀዶ ጥገና የሚማር ሐኪም ማለት ነው። ቤታችን ከኦቶና ሆስፒታል ዝቅ ብሎ ስለሆነ ለሥራው ይቀርበዋል። የቀረበው ለሥራው ብቻ ነው፤ ለዕቃው ግን ሁሉም ሩቅ ነው። ስቴቶስኮፑን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ ከካልሲዎቹ መካከል አገኘሁት። ስልኩ ከውሃ በርሜሉ ክዳን ላይ ይጮሃል። ሻይ አፍልቶ ሳይጠጣ ይሄድና ተመልሶ ሌላ ያፈላል። አንድ ቀን ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን ዘጋና በመስኮት ሲገባ የቀበሌ ታጣቂ እግሩን ያዘው። «ሐኪም ነኝ!» ይላል ዶክተሩ ግማሽ አካሉ ውስጥ ሆኖ። «ሐኪም በመስኮት አይገባም» ይላል ታጣቂው እግሩን ሳይለቅ። የተከራዬ እግር በሳምንቱ በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ፣ ከአካባቢ ጽዳት ቀጥሎ አጀንዳ ሆኖ ቀረበ።

«እንዲህ ያለ ሰው የሰው ሆድ ከፍቶ ምን ይረሳበት ይሆን?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

ሳቀ። «ቲቸር፣ እዚያ ቆጠራ አለ። ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ሲስተሯ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ደም የሚጠረግበት ጎዙ፣ መርፌው፣ መቀሱ፤ ሲጀመር የነበረው ሁሉ። ቆጠራው ሳይሞላ አይዘጋም።»

«ቢጎድልስ?»

«እንፈልጋለን።»

«ማን ጣለው ብላችሁ?»

«ማን ጣለው አይባልም። የት አለ ነው የሚባለው። ማን ጣለው እያልን ስንከራከር በሽተኛው ተኝቶ ይጠብቀናል?»

ይህ ነገር ደስ አለኝ። በማግስቱ ከበሩ ላይ ቆሜ ቆጠራ ጀመርኩ። «ቁልፍ?» «አለ።» «ስልክ?» «አለ።» «መታወቂያ?» «አለ።» «ጫማ?» ጫማ የጨመርኩት በነጠላ ጫማ ሥራ ከገባ በኋላ ነው። ጎረቤቶቼ ሰውዬውን እንደ እስረኛ የምቆጣጠረው መስሏቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ጠቅሞኛል። ጠዋት የምነሣበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ቆጠራው አስነሣኝ።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ። ረቡዕ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

«ቁልፍ?»

«አለ።»

«ስልክ?»

«አለ።»

«መዝገብ?»

ቦርሳውን ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ። ፊቱ አመድ መሰለ።

መዝገብ የሚባለው በአራት ዓመት ትምህርቱ የሠራቸው ቀዶ ጥገናዎች ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው በአስተማሪ ፊርማ የሰፈሩበት ደብተር ነው። ግልባጭ የለውም። ያን ዕለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፕሮፌሰሩ አይተው መፈረም አለባቸው፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ያልተፈረመለት የመጨረሻውን ፈተና አይቀመጥም።

«ሌላ ዓመት ይጨምሩብሃል?» አልኩት።

«ዓመት ቢጨምሩብኝ ምንም አልነበረም። ባለፈው ወር አርፍጄ ስብሰባ ስገባ ፕሮፌሰሩ ምን አሉኝ መሰለዎት? እጅህን አምነዋለሁ፤ አንተን ግን አላምንህም። ዛሬ መዝገቡን ጣልኩት ብል እጄንም አያምኑትም፤ ያባርሩኛል።»

ፍለጋ ጀመርን። ክፍሉን ገለበጥነው። ጓደኛ የሌላቸው አሥራ አንድ ካልሲዎች፣ የእኔ ወንፊት፣ የጎረቤት ፒንሳና አምስት የተጀመሩ መጻሕፍት ወጡ። መዝገብ የለም። ዘወትር የሚያመላልሰውን ባለ ባጃጅ ፈለግነው። «እኔ ጋ የረሱት ጃንጥላ ብቻ ነው ዶክተር» አለ ሰውዬው። «ሁለት ጃንጥላ።» ፀጉር ቤት ሄድን፤ ቻርጀሩ እዚያ ተሰክቶ ነበር፤ ፀጉር ቆራጩ ሁለት ሳምንት ሙሉ የራሱን ስልክ ሲሞላበት ኖሯል። የተረኛ ሐኪሞች ማደሪያ ሄድን፤ ጋዋኑና የምሳ ዕቃው ተገኙ፤ የምሳ ዕቃውን ግን አልከፈትኩትም። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እንደጠፋበት እንኳ የማያውቀውን ዕቃ ሁሉ ሰበሰብን። መዝገቡን ብቻ አጣን።

እኔስ በዚህ ሁሉ መሐል ዝም ያልኩ ይመስላችኋል? አፌ ለአፍታ አላረፈም። «አንድ ደብተር እንዴት መያዝ ያቅታል? የተማረ ሰው አይደለህም?» በመጨረሻም ከማደሪያው ስንወጣ፣ «ልብህ የት ነው ያለው?» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ከዓመት በላይ ያላልኩት ነገር ነበር። ጋዋኑንና የምሳ ዕቃውን ከእጁ ተቀብዬ ቀድሜው ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ደረስን፤ ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ዝሎ ነበር። ዶክተሩ ግን አይቀመጥም፤ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል፤ ጭንቅላቱን ይዞ ያስባል።

«ሐሙስ በእጄ ነበር» ይላል። «ሐሙስ የመጨረሻዋን ትርፍ አንጀት ጻፍኩ። ከዚያ ይዤው መጣሁ። ከዚያ ጨው አለቀብኝ። ከዚያ እርስዎ ጋ ጨው ልለምን ገባሁ… እዚህ ቆሜ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ…»

ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየነው። ባዶ ነበር።

ያ ጠረጴዛ ባዶ የሆነው ሐሙስ ዕለት ነው። የሙት ዓመቱ ማግስት ነበር። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ አንጁሎ ከቤሌ መጥተው ነበርና ልብሶቹንና ደብተሮቹን ለእሳቸው ለመስጠት ወሰንኩ። ልብሱን በዓይኔ ላለማየት ፊቴን አዙሬ ነው ጆንያ ውስጥ የከተትኩት። ያችን ፌስታልም ሳልፈታ ጨመርኳት። ከዚያ ደብተሮቹን በክንዴ ጠርጌ አስገባኋቸው። ጥቁር ሽፋን፣ ቀይ ጀርባ፤ የዶክተሩም መዝገብ መልኩ እንዲሁ ነው። አንዱንም አልከፈትኩም፤ የእጁን ጽሕፈት እንዳላይ ፈርቼ።

ውሃ ሆንኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሶዶን ሙሉ እየዞርኩ የተቆጣሁት ሰውዬ ከፊቴ ቆሟል።

«ዶክተር» አልኩት። «መዝገብህ ቤሌ ነው ያለው።»

«ቤሌ?»

«ቤሌ። ከባለቤቴ ሱሪ ጋር።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ባይቆጣም ቢያንስ «ቲቸር፣ ልብዎ የት ነው ያለው?» ማለት ይገባው ነበር፤ እኔ ብሆን እለው ነበር። እሱ ግን ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገና፣ «እሺ፤ የት እንዳለ አወቅን ማለት ነው፤ እንሂድ» አለ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ ወጣ። አንሥቼ ተከተልኩት።

ለጋሽ አንጁሎ ደወልን፤ ኔትወርክ የለም። መናኸሪያ ገብተን የቤሌ ሚኒባስ እስኪሞላ ጠበቅን። በኋላ እንደተረዳሁት ዶክተሩን ከመጠበቅ የበለጠ የሚያሠቃየው ነገር የለም። ይወርዳል፣ ይወጣል፣ የመኪናውን ጎማ ያያል፣ ረዳቱን ስለ ሞተሩ ይጠይቃል። ረዳቱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ አሞታል እንዴ?» አለኝ። «የለም፤ ሐኪም ነው» አልኩት። ረዳቱ ይህ መልስ አላረካውም።

መንገድ ስንጀምር ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመድቦ በሚሠራበት ጊዜ ልጇን ይዛ ለመጣች እናት መጠይቅ ያነብላት ነበር። ልጁ ዕቃ ይጥላል? ይጥላል። የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል? እንዴታ። ሲያናግሩት የማይሰማ ይመስላል? አዎ። «እሷ ለልጇ ስትመልስ» አለኝ፣ «እኔ በልቤ ለራሴ እመልስ ነበር። ስንጨርስ ልጁን በአንድ በለጥኩት።»

«ስም አለው?»

«ኤዲኤችዲ ይሉታል። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ማለት ነው። አብሮ የሚወለድ ነው ቲቸር፤ ስንፍና አይደለም፤ ንቀትም አይደለም። እኔም ለራሴ ሰነፍ ነህ እያልኩ ነው ያደግሁት።»

«ለአስተማሪዎችህ ነገርካቸው?»

«ለማንም አልነገርኩም። ትኩረት ያንሰኛል ለሚል ሰው ማን ሆዱን ይሰጠዋል?»

ይህን እያለ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ። ከመንገዱ ዳር አንድ ገበሬ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ጨርቁ ደም ይዟል። ዶክተሩ ወሬውን ከአፉ ላይ ጥሎ ዘሎ ወረደ። መኪናው ሊነሣ ሲል ጮኽኩ፤ ረዳቱ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸ። ዶክተሩ አልሰማም። ወርጄ ልጎትተው ስሄድ ግን ቆምኩ። ከጠዋት ጀምሮ ያልተረጋጋው እጅ ጸጥ ብሏል። የመጥረቢያ ቁስል ነበር። ጨርቁን ፈታ፤ የተሳፋሪ ውሃ ተቀብሎ አጠበ፤ እጁን ሳያነሣ «ንጹሕ ጨርቅ» አለ፤ ነጠላዬን ሰጠሁት። እንደ ጸሐፊ እጅ ቀስ ብሎ፣ አንድም ነገር ሳይዘል አሰረለት፤ ለሰውዬውም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ሁለት ጊዜ አስደግሞ ነገረው። ከዚያ ቀና አለና፣ «መኪናችን የቱ ነበር?» አለኝ። ቦርሳውን እኔ አነሣሁለት።

ተመልሰን ስንቀመጥ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ጠየቅሁት።

«ላምባ ግዛ ሲሉት ሄዶ ፍየል ይዞ የሚመጣ ሰውስ? ይህ ነገር አለበት ይባላል?»

አየኝ። ማን እንደሆነ ገባው። «ያላየሁትን ሰው አለበት ማለት አልችልም» አለ። ቆይቶ ግን፣ «ስለ ፍየል የሚል ጥያቄ መጠይቁ ላይ የለም፤ መኖር ነበረበት» አለኝ። ሳቅሁ። ስስቅ እንባዬ መጣ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቤሌ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የጋሽ አንጁሎን አጥር ስናንኳኳ ወጡ፤ እኔም ባለሁበት ቀረሁ። የባለቤቴን ኮት ለብሰዋል። ፊታቸው ላይ የባለቤቴን መነጽር አድርገዋል። በር ላይ የጮኽኩበትን መነጽር።

«ሳሮ፣ ሳሮ! ግቡ!» ይላሉ በአገሩ ቋንቋ ሰላም እያሉን። እኔ አልገባም። «ጋሽ አንጁሎ፣ ይህን መነጽር ከየት አገኙት?»

«ይቺ? ኮቱ ውስጥ ነበረች። የውስጥ ኪስ አለ አይደል? እዚያ። ጥሩ መነጽር ናት፤ ከዳሞታ ተራራ ማዶ ታሳያለች።»

ዶክተሩ ክንዴን ያዘኝ፤ ገባን። ቦይና የሚሉት የተቀቀለ ሥራሥር ከዳጣ በርበሬ ጋር ቀረበ፤ ማን ይብላው? መዝገቡን ጠየቅን። ጋሽ አንጁሎ ወደ ጓዳ ገቡና በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ፊታቸው ጠቆረ። ቤተሰቡ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«አንቺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሎቹ ደብተሮች ሁለት ሦስት ገጽ ናቸው። ይቺ ግን ሙሉ ናት። በመነጽሩ አነበብኳት። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰው መቼ ነው የቀደደው?»

«እሱ አይደለም ጋሼ፤ ይህ ሰውዬ ነው» ብዬ ዶክተሩን አሳየኋቸው። ጋሽ አንጁሎ ዶክተሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። ዕፎይ ያሉት ግን በጣም ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ለወንድማቸው ነፍስ ሲጸልዩ ሰንብተዋል።

ልንወጣ ስንል አንድ ደብተር እጄ ላይ አስቀመጡ። «ይቺን አንቺ ያዣት። ከሆስፒታሉ ፌስታል ውስጥ ናት።» መነጽሩን ሊያወልቁ እጃቸውን ሲያነሡ ከለከልኳቸው። እንዲያዩበት ነው የተሠራው።

በመመለሻው የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። የዶክተሩ ሁኔታ ለመግለጽ ያስቸግራል፤ ጎማውን ከረዳቱ ቀምቶ ራሱ ቀየረው። ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ፕሮፌሰሩ መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ የበሩን እጀታ ይዘዋል። ረጅም፣ ሽማግሌ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

ቀድሜ ደረስኩ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። «ፕሮፌሰር፣ መዝገቡን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«አከራዩ ነኝ። ዕቃ የማልጥል ሴት ነኝ፤ ሰውን ሁሉ ይጠይቁ። ይህን ግን እኔ ነኝ የጣልኩት። ይህ ልጅ ሌላ ሌላ ነገር ይጥላል፤ እሱን አልክድም። መዝገቡን ግን አልጣለም። በሥራው ላይ ደግሞ ዛሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ በነጠላ የተጠቀለለውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ምንድን ነው ይኼ? ዳዊት ነው?» ፈቱት። ከመኪናው ጀርባ ላይ ዘርግተው ገጽ በገጽ ማየት ጀመሩ። አንድም አልዘለሉም። ጠባብ ጫማዬ ውስጥ ቆሜ አራት ዓመት ሲገለጥ አየሁ። መጨረሻው ላይ ቀና አሉ።

«ቆጠራው ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው ፕሮፌሰር» አለ ዶክተር በረከት። ፈረሙ። እኔ ዕፎይ ስል እሱ ግን አልሄደም። «አንድ ሌላ ነገር ልነግርዎ ፈልጌ ነበር» አላቸው። ምን እንደሆነ ስላወቅሁ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ብዙ አወሩ። ፕሮፌሰሩ አንድ ጊዜ እጃቸውን ትከሻው ላይ ሲያደርጉ አየሁ፤ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ እሱም አልነገረኝም። ወደ እኔ እየሳቀ መጣ። ከኋላው ፕሮፌሰሩ እየተጣሩ ይከተሉታል፤ አሁን የፈረሙበትን መዝገብ ይዘው።

ፈተናውን አለፈ። አሁንም ሰርቪሱ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም እንቆጥራለን። ሲጎድል የት አለ እላለሁ።

ደብተሩን ለመክፈት ግን አሥር ቀን ፈጀብኝ። እንደሌሎቹ ሦስት ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት። ለካ የተጀመረና የቀረ ነገር አልነበረም። «እንዳልረሳ» ይላል ራስጌው። ከዚያ ዝርዝር ነው፤ በየቀኑ። የዘይት ጀሪካን። የእሷ ጫማ፣ ጫማ ሰፊው ጋ። ዛሬ የተጋባንበት ቀን። አጠገባቸው ምልክት ያለባቸው አሉ፤ የሌለባቸው ይበዛሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየደብተሩ ይህን ሲያደርግ ኖሯል፤ ደብተሩ ሲጠፋበት ሌላ እየገዛ።

ሦስተኛው ገጽ የሆስፒታሉ ዕለት ነው። ጽሕፈቱ ይንቀጠቀጣል። መታወቂያ። ካርድ። ፎጣ። የመጨረሻው መስመር፣ «መነጽር፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ፤ እንዳትቆጣ» ይላል። አራቱም አጠገብ ምልክት አለ።

ያን ቀን መነጽሩን አልረሳም ነበር። መያዙን ነው የረሳው፤ እኔ ስጮህበት አመነኝ።

ይህን የምጽፈው ከዚያው ደብተር አራተኛ ገጽ ጀምሬ ነው። ቶሎ አልጽፍም። ባዶው ገጽ ብዙ ነው።